የአንድ እንጀራ ስኳር ስንት ነው?

በአገራችን አንድ ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበት በሐኪም በተነገረው ማግስት በቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ለውጥ የሚታየው በሻይ ብርጭቆው ላይ ነው። ስኳሩ ይቀራል። ከዚያም ማሩ፣ ለስላሳ መጠጡና ኬኩ በየተራ ይሰናበታሉ። ቤተሰቡም የሚገባውን ጥንቃቄ አደረግን ብሎ ይጽናናል። መሶቡ ግን እንደ ቀድሞው ይቀርባል፤ ሕመምተኛውም እንደ ቀድሞው ሁለት እንጀራ ይበላል፤ «ጤፍ ምን ስኳር አለው?» ይባላልና። ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ሲመለስ የደሙ ስኳር ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ሐኪሙ «ምግብዎን አልተጠነቀቁም» ይለዋል፤ እርሱም ስኳር በአፉ እንዳልዞረ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ መድኃኒት የማዘዝም ሆነ የማስቆም ሥልጣን የለንም። ይሁን እንጂ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል የተፈጠረው አለመግባባት በመሠረቱ የልኬት ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። «ይህን ብላ፣ ያንን ተው» የሚለው ምክር የምግብ ስም ይዘረዝራል እንጂ መጠን አይናገርም። የደም ስኳር ደግሞ በስም አይመራም። ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ስንት ግራም ግሉኮስ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ወደ ደም እንደገባ፣ ስንቱስ ከደም እንደወጣ ነው። ከስኳር ሕሙማን እጅግ የሚበዙት ዓይነት 2 የሚባለው ያለባቸው ናቸውና የምንናገረው ስለ እነርሱ ነው፤ ለእነርሱ የሚሰጠው የምግብ ምክር ሚዛንና ሰዓት ካልገባበት ከመልካም ምኞት አያልፍም እንላለን።

እስቲ ከቀላል ስሌት እንነሣ። የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ጤናማ ሰው ሳይበላ ሲያድር የደሙ ግሉኮስ በእያንዳንዱ ዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ነው፤ 90 እንበለው። 5 ሊትር 50 ዴሲሊትር ነውና 50 በ90 ሲባዛ 4,500 ሚሊግራም፣ ማለትም 4.5 ግራም ይሆናል። በመላው ደማችን ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ የሻይ ማንኪያ ይሰፈራል ማለት ነው። (ከደም ሥር ውጪ ባለው የሰውነት ፈሳሽም ግሉኮስ አለ፤ ለጊዜው እንተወው፤ የስሌቱን መንፈስ አይለውጠውም።) በባዶ ሆድ ሲለካ 126 ወይም ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው፣ ምርመራው ተደግሞ ከጸና፣ የስኳር ሕመምተኛ ይባላል። በ90 እና በ126 መካከል ያለው ልዩነት በመላው ደም ሲሰላ 1.8 ግራም ብቻ ነው፤ ማንኪያውን እስከ እኩሌታው እንኳ አይሞላም። ሰውነታችን ሌት ተቀን የሚጠብቀው ሚዛን ይህን ያህል ጠባብ ነው።

አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። በከተማችን የሚሸጥ አንድ እንጀራ ሚዛን ላይ ቢወጣ እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ 300 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ካርቦሃይድሬት፣ ይኸውም በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርች ማለት ደግሞ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያስታውሱት የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ዘለላ 162 ይመዝናል፤ በአንጀት ውስጥ ሲበጠስ 18 የሚመዝን አንድ የውኃ ሞለኪውል ጨምሮ 180 የሚመዝን ግሉኮስ ይሆናል። ስለዚህ 100 ግራም ስታርች 111 ግራም ግሉኮስ ይወጣዋል። ከካርቦሃይድሬቱ ጥቂቱ ደግሞ የማይፈጭ አሰር ነው፤ አንዱ ሌላውን ስለሚያካክስ ከአንድ እንጀራ 100 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይገኛል ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ይህም በመላው ደማችን ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የጣፈጠ ሻይ በአንጻሩ የሚይዘው 10 ግራም ስኳር ነው፤ የገበታ ስኳር ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ እኩል በእኩል የተሠራ ስለሆነ የግሉኮሱ ድርሻ 5 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ሕመምተኛችን ከየሻዩ 10 ግራም ቀንሶ፣ ከየገበታው 200 ግራም እየተቀበለ ኖሯል። ስኳር ይጠጣ ማለታችን አይደለም፤ ተው የተባለው በትክክል ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ አንዱ 300 ሚሊሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም የሚበልጥ ስኳር የሚይዝ፣ ከዚያም በላይ በፈሳሽነቱ በቶሎ የሚሰርጽ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ መቅረት ያለበት ነው። ጥያቄያችን ትልቁ ቁጥር ለምን ሳይነገር ቀረ የሚል ነው። ቋንቋችን ራሱ ሳያሳስተን አልቀረም፤ በሽታውን «ስኳር» ብለን ከሰየምነው በኋላ ጠላቱ በስኳር ሳጥን ውስጥ ብቻ የተቀመጠ መስሎ ታየን።

ይህን ያህል ግሉኮስ ወደ ጤናማ ሰው ደም ሲገባ ታዲያ እንዴት አንታመምም? መልሱን ለመረዳት ደምን ውኃ እንደሚገባበትና እንደሚወጣበት ገንዳ እናስበው። የገንዳው ከፍታ የሚለወጠው የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው። መግቢያው ሁለት ነው፤ አንዱ አንጀት፣ ሁለተኛው ጉበት። ሰው ሳይበላ በሚያድርበት ጊዜ ጉበት ካከማቸውና አዲስ ከሚሠራው በሰዓት 8 ግራም ያህል ግሉኮስ ወደ ደም ይለቃል፤ አንጎልና ሌሎች አካላት ይህንኑ እየተቀበሉ ያቃጥላሉ። ምግብ በተበላ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ደግሞ በአንድ በኩል የጉበቱን ቧንቧ ይዘጋል፣ በሌላ በኩል የጡንቻንና የስብን በር ይከፍታል። በዚህም የተነሣ የጤናማ ሰው ደም ስኳር ከምግብ በኋላ ከፍ ብሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ይመለሳል።

በዓይነት 2 የስኳር በሽታ ሁለት ነገሮች ይበላሻሉ። ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን ትእዛዝ ደንታ ያጣሉ፤ ቆሽትም ይህን ለማካካስ ሲታገል ቆይቶ ይደክማል። የአንጀቱ ቧንቧ ተከፍቶ ሳለ የጉበቱም አይዘጋም። ብዙ ሕሙማን «ማታ ምንም ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት እንዴት 180 ሆነ?» እያሉ ሲደነቁ እንሰማለን። የበላው አንጀታቸው አልነበረም፤ ጉበታቸው ሌሊቱን ሲያፈስስ አድሯል። ከ180 ገደማ በላይ ሲሆን ኩላሊት ስኳሩን መልሶ መያዝ ያቅተውና በሽንት ይወጣል፤ ሕመምተኛው ሽንት የሚያመላልሰውና ውኃ የሚጠማው ለዚህ ነው። ለዓመታት ሲቆይ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያበላሻል። በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመው ታላቅ ጥናት ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር እነዚህን የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳቶች በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክርክራችን ስለ ቁጥር ቢመስልም በቁጥሩ መጨረሻ ያለው የሰው ዓይንና እግር ነው።

ከምግብ በኋላ የሚታየው ከፍታ የአንድ ገበታ ታሪክ ነው፤ ጉበት ትእዛዝ መስማት ያቆመበት ምክንያት ግን የዓመታት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 እና በ1871 የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ከቦ ከተማዪቱን በረሃብ ባስጨነቀበት ወቅት አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። እጥረቱ ሌላውን ሕዝብ ሲያመነምን ከስኳር ሕሙማኑ ሽንት ስኳሩ ጠፋ። ከ140 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው ለ11 ሕሙማን ለ8 ሳምንታት በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ሰጥተው ተከታተሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ የጠዋቱ ስኳር ወደ ጤናማው መጠን ወረደ፤ የጉበታቸው ስብም በማግኔታዊ ሬዞናንስ ሲለካ በፍጥነት እየቀለጠ ታየ። (መሣሪያው የፊዚክስ ልጅ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።) ጉበትን ደንቆሮ ያደረገው በውስጡ የተከማቸው ስብ ነበር ማለት ነው።

ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ዳይሬክት የተሰኘ ጥናት በስኮትላንድና በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሕመሙ ከታወቀላቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውን 298 ሰዎች አሳተፈ። ግማሾቹ ከ3 እስከ 5 ወር በቀን ከ825 እስከ 853 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አገኙ፤ የቀሩት የተለመደውን ሕክምና ቀጠሉ። በዓመቱ ከመጀመሪያዎቹ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆነ፤ ከሁለተኛዎቹ 4 በመቶው ብቻ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል 86 በመቶው ለዚህ በቁ። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ወረደ፤ ከዚያም በኋላ ክብደታቸው በተመለሰ መጠን እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ «ተፈወሰ» ከማለት «ጋብ አለ» ማለቱ ይሻላል። የሆነ ሆኖ «ስኳር አንዴ ከያዘ እየባሰ እንጂ እየቀለለ አይሄድም» የሚለው የቆየ ተስፋ መቁረጥ በማስረጃ ፊት መቆም አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው። በአገራችን ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ወፍራም አይደለም። ቀጭን ሆኖ፣ ይልቁንም በጥቂት ጊዜ ውስጥ የከሳ ሰው፣ ኢንሱሊን ፈጽሞ የጎደለው ዓይነት 1 ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ዓይነት 5 ብሎ ዕውቅና የሰጠው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ራስን ማስራብ ጥፋት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

የአኗኗር ለውጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከራሳችን ወገኖች የተገኘ ማስረጃም አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1991 (እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። በአዲሱ አገር በቆዩባቸው ጥቂት ዓመታት ግን በሽታው በዝቶ መገኘቱን የእስራኤል ተመራማሪዎች ዘግበዋል። የሰዎቹ ዘር በአሥር ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ማዕዳቸውና በእግር መሄዳቸው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ፍጥነት። ሁለት ምግቦች እኩል ግራም ካርቦሃይድሬት ይዘው አንዱ በግማሽ ሰዓት፣ ሌላው በሦስት ሰዓት ግሉኮሱን ቢለቅ በገንዳው ላይ የሚፈጥሩት ማዕበል አንድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1981 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው ይህን ለመለካት የግላይሴሚክ ኢንዴክስን ሐሳብ አቀረቡ። 50 ግራም ካርቦሃይድሬት የያዘ ምግብ ይበላል፤ ለሁለት ሰዓት ደም እየተወሰደ ከፍታው በግራፍ ይሣላል፤ ከመነሻው መስመር በላይ ያለው የግራፉ ስፋት ይሰላል፤ ስፋቱ ለንጹሕ ግሉኮስ 100 ቢሆን ለምግቡ ስንት ነው ይባላል። የካልኩለስ ትምህርት ምን ይጠቅማል ለሚሉ ተማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም፤ የሚለካው ኢንቴግራል ነው። ምስር 30 አካባቢ ሲሆን ነጭ ዳቦ 70 አልፎ ይገኛል።

የጤፍ እንጀራስ? እዚህ ላይ ወሬ ከማስረጃ ቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በሰው ሳይሆን በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ የተካሄደ ጥናት የጤፍ ዳቦን ከፍተኛ ከሚባሉት መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የጤፍ እንጀራን ዝቅተኛ፣ የበቆሎ እንጀራን እጅግ ከፍተኛ አድርጎ አገኘ። ዘዴው፣ እርሾው፣ የዱቄቱ ልመትና የጤፉ ዝርያ ሲለያይ ውጤቱ መለያየቱ አያስደንቅም። እኛ ግን ለጤፍ የሚደላውን ቁጥር እንቀበልና እንከራከር። ኢንዴክሱ 40 ነው እንበል። ሁለት እንጀራ 200 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ 40 በ200 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 80 ይሆናል። ይህ ጭነት ይባላል፤ ኢንዴክስና መጠን በአንድነት የሚገቡበት ቁጥር ነው። የተናቀው ነጭ ዳቦ፣ ኢንዴክሱ 75፣ ሁለት ቁራጩ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢይዝ ጭነቱ 22.5 ብቻ ነው። ሐብሐብም ኢንዴክሱ ከ70 የሚበልጥ ቢሆንም በ100 ግራሙ 8 ግራም ያህል ብቻ ካርቦሃይድሬት ስላለው አንድ ቁራጭ ብዙም አያናውጥም። «ጤፍ ለስኳር ይስማማል» የሚለው አባባል እውነት ቢሆን እንኳ ስንት ጤፍ እንደሆነ እስካልተነገረ ድረስ ትርጉም የለውም።

መጠኑ በምን ይቀነስ? አንድ ሕመምተኛ ኪኑዋ ወይም ከውጭ የመጣ ልዩ ምግብ ፈልግ ሊባል አይገባም። በየሱፐርማርኬቱ «ለስኳር ሕሙማን» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ብስኩት አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩ ወጥቶ ዱቄቱ የቀረ ነው፤ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ከላይ አይተናል። መፍትሔው በመሶቡ ላይ ቀድሞም ያለ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ዓይብ፣ እንቁላል፣ አቅም ሲፈቅድም ሥጋ። በገበታችን ወጡ ማባያ፣ እንጀራው ዋናው ሆኖ ኖሯል፤ ሕመምተኛው ይህን ይገልብጠው፤ እንጀራው ወጥ ማንሻ ይሁን። ግማሽ እንጀራ፣ ከፍ ያለ ወጥ፣ ከጎኑ ብዙ ጎመንና ሰላጣ። አሰሩ፣ ፕሮቲኑና ጥቂቱ ዘይት የጨጓራን መፍሰስ ያዘገዩታል። በኒውዮርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አነስተኛ ጥናት አንድ ዓይነት ምግብ ሆኖ አትክልቱና ሥጋው አስቀድሞ፣ ዳቦው በኋላ ሲበላ የደም ስኳር ከፍታ በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በመሶብ ባህል ይህን ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ መጠበቅ አይቻል ይሆናል፤ ሰላጣና ጎመኑን አስቀድሞ መቅመስ ግን ማንንም አያስቀይምም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። በጋራ መሶብ የሚበላ ሰው የበላውን አይቆጥርም። ጉርሻም አለ፤ እናት ወይም አማች የዘረጋችውን እጅ መመለስ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሕመምተኛው ለብቻው በሳህን ሲቀርብለት ደግሞ ከቤተሰቡ የተነጠለ ያህል ይከፋዋል፤ ሁለት ቀን ታግሦ በሦስተኛው ወደ መሶቡ ይመለሳል። ስለዚህ የሚለወጠው የአንድ ሰው ሳህን ሳይሆን የመላው ቤተሰብ መሶብ ቢሆን እንመርጣለን፤ የልጆቹም ወገብ ከዚህ የሚያጣው ነገር የለም። በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት ከሁሉ ያስቀናን አንድ ተራ ነገር ነበር፤ በእያንዳንዱ የዳቦ ላስቲክ ጀርባ በ100 ግራሙ ስንት ካርቦሃይድሬት እንዳለ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ እንጀራ ዛሬም ያለ ጽሑፍ ይሸጣል።

ስለ ማር፣ ስለ ጁስና ስለ ቅጠላ ቅጠል በአጭሩ እንለፍ። ማር ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ነው፤ ንብ ስለሠራችው ጉበት አይራራለትም። በጁስ ቤቶቻችን የሚቀርበው ስፕሪስ ፍሬው ተፈጭቶ፣ ብዙ ጊዜም ስኳር ተጨምሮበት የሚጠጣ ነውና ከለስላሳው ብዙ አይሻልም፤ ፍሬው እንዳለ ይበላ። አብሽና ሽፈራው ጥቂት ተስፋ ሰጪ ጥናቶች አሏቸው፤ መድኃኒትን ተክተው እንዲወሰዱ የሚያበቃ ማስረጃ ግን የለም።

ጾምን በሚመለከት ግን ፈጥነን አናልፍም። የጾም ገበታ ጥራጥሬና ጎመን የበዛበት በመሆኑ በይዘቱ ለስኳር ሕመምተኛ ምቹ ነው ማለት ይቻላል። አደጋው በሰዓቱ ነው። ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ፣ መድኃኒቱ ምግብ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ ሥራውን ይሠራልና ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበውና ራሱን ሊስት ይችላል። ያን ጊዜ ፈጥኖ የሚያድነው ለወራት የተከለከለው ያው ስኳር ነው፤ 15 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል በውኃ ተበጥብጦ። ለረመዳንም ነገሩ ይኸው ነው። ሊጾም የሚሻ ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ሊያስተካክል ይገባል፤ የሃይማኖት አባቶችም ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቅዱ ጠይቆ መረዳት መልካም ነው።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። የግላይሴሚክ ኢንዴክስ ሰንጠረዥ የሚነግረን የብዙ ሰዎችን አማካይ ነው፤ የአንድን ሰው ምላሽ የሚነግረን የራሱ ደም ነው። በየቤቱ ያለች ትንሽ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ይህን ለማወቅ ትበቃለች፤ ብዙዎች ግን ጠዋት ብቻ ይለኩና ቁጥሩን አይተው ይደሰታሉ ወይም ያዝናሉ፤ ከዚያ ያለፈ አይጠይቁም። ስትሪፕ ውድ ነው፤ በመሆኑም እያንዳንዱ ለአንድ ጥያቄ መልስ ማምጣት አለበት። ጥያቄው «አንድ ሙሉ እንጀራ ስበላና ግማሽ ስበላ ልዩነቱ ስንት ነው?» ይሁን። ወጡ፣ ሰዓቱ፣ መድኃኒቱና እንቅስቃሴው ሳይለወጥ የእንጀራው መጠን ብቻ ይለወጥ፤ ከምግቡ በፊትና መብላት ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ፤ የሁለቱ ልዩነት ይመዝገብ። በሌላ ሳምንት ደግሞ ከምግብ በኋላ የ15 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጨመር፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ግሉኮስ መቀበል ይችላልና ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ያስደንቃል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለአብዛኛው ጎልማሳ ሕመምተኛ የሚመክረው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለአረጋውያን ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል።

የልኬት ስሕተትንም አንርሳ። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በላይ ለሆኑ ቁጥሮች መሣሪያዋ እስከ 15 በመቶ እንድትስት ይፈቅድላታል። 160 ያለችን ከ136 እስከ 184 ባለው መካከል ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ 160፣ ነገ 170 ቢሆን ለደስታም ለሐዘንም ምክንያት የለም። ተመሳሳዩ ሙከራ አራት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ቢወሰድ የዘፈቀደው ስሕተት በግማሽ ይቀንሳል። ጊዜው ባለፈ ስትሪፕ ወይም ብርቱካን በልጦ ባልታጠበ ጣት የመጣውን ስሕተት ግን ሺህ ጊዜ መደጋገም አያጠራውም። የጣት መውጊያ መርፌም ለሁለት ሰው እንዳያገለግል አደራ እንላለን፤ በዚህ መንገድ የሚተላለፉት በሽታዎች ከስኳር የከፉ ናቸው። መዝገቡ ለሐኪሙ ይቅረብ፤ መድኃኒት የሚቀንሰውም የሚጨምረውም እርሱ ነው።

ይህን መዝገብ ማን ይይዛል? በብዙ ቤት ሕመምተኞቹ ወላጆችና አያቶች ናቸው፤ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ደግሞ ልጆቻቸው። ግራፍ መሣል፣ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ መለወጥ፣ አማካይ ማውጣት በሁለተኛ ደረጃ የተማሩት ነገር ነው።

ከፋኩልቲው በኩልም የሚጎድል አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው የምግቦቻችን የንጥረ ነገር ሰንጠረዥ ግራሙን ይነግረናል፤ ፍጥነቱን ግን አይነግረንም። የግላይሴሚክ ኢንዴክስ ዓለም አቀፍ መስፈርት ለአንድ ምግብ የሚጠይቀው ቢያንስ 10 ጤናማ ፈቃደኞችን፣ 50 ግራም ካርቦሃይድሬትና በሁለት ሰዓት ውስጥ በተወሰኑ ደቂቃዎች የሚወሰድ ጥቂት የጣት ደም ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከተገኘ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ከአንድ ሴሚስተር የማያልፍ ሥራ ነው። በነጭ፣ በሰርገኛና በቀይ ጤፍ እንጀራ ይጀመር፤ ከገብስና ከሩዝ ጋር የተደባለቀው፣ የማሽላው፣ ቆጮው፣ ገንፎውና ቆሎው ይከተሉ። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ባልደረቦቻችን ዱቄቱንና ደሙን ቢይዙልን፣ ሚዛኑንና ሰዓቱን እኛ እናቀርባለን።